«አለ» እና «ነበረ»፦ የአንጀት ፖሊፕ ታሪክ በሕክምና ካርዳችን ላይ

ጎንደር ከተማ፣ ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ ሆናችሁ ለምታዳምጡን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንጀት ፖሊፕ ነው። በተለይም ፖሊፑ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ በሕክምና ካርድ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ምን የሚል ኮድ እንደሚሰጠው እንነጋገራለን። ነገሩ የሐኪምና የካርድ ክፍል ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈልገው የሕክምና ወረቀታችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ ያኖራችሁትን እናንተን ነው።

እስቲ አንዲት እናትን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። ለትምህርቱ ብዬ የፈጠርኳቸው ናቸው፤ እንደሳቸው ያሉ እናቶችን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከዳባት ገጠር ሌሊት ተነሥተው፣ መኪና መንገድ ድረስ በእግራቸው ወጥተው፣ ረፋዱ ላይ ጎንደር ገብተዋል። ካርድ አወጡ፤ ተራ ጠበቁ፤ ተመላላሽ ክፍል ተጠሩ። ወጣቱ ሐኪም ወንበር ስቦ አስቀመጣቸውና ጠየቃቸው።

«እናቴ፣ ከዚህ በፊት የታከሙት በሽታ አለ?»

«አዎ ልጄ፤ ኪንታሮት ነበረብኝ። ልጄ አዲስ አበባ ወስዶኝ በታች በኩል በቱቦ ገብተው ቆርጠው አወጡልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ አሁን ደኅና ነኝ።»

ሐኪሙ ካርዱ ላይ «የኪንታሮት ታሪክ ያላቸው» ብሎ ጻፈና ወደ ዛሬው ሕመማቸው አለፈ። እናታችን ጭናቸው ላይ ያለውን ፌስታል አልፈቱትም፤ የጠየቃቸውም የለም። በፌስታሉ ውስጥ ግን አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ የወጣው ሥጋ ኪንታሮት ሳይሆን የትልቁ አንጀት ፖሊፕ እንደነበረ፣ ዓይነቱም አዴኖማ እንደሚባል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ድጋሚ መታየት እንዳለበት ይናገራል።

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። በእኛ አገር ንግግር ከመቀመጫ በኩል የሚደማ፣ የሚያብጥ፣ የሚቆረጥ ነገር ሁሉ ኪንታሮት ነው። ሕክምናው ግን ሁለቱን ለየቅል ያያቸዋል። ኪንታሮት ያበጠ የደም ሥር ነው። ፖሊፕ ደግሞ በትልቁ አንጀት፣ መጻሕፍት ደንዳኔ በሚሉት፣ የውስጥ ገጽ ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አንዳንዱ ምስር ያህላል፤ አንዳንዱ ግንድ አውጥቶ እንደ እንጉዳይ ይንጠለጠላል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሰውየውም ሳያውቀው ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

ብዙው ፖሊፕ ምንም ሳያደርስ ይቀራል። አዴኖማ የሚባለው ዓይነት ግን ቀስ እያለ፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ወስዶ፣ ወደ አንጀት ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። መልካሙ ነገር በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ በተገጠመለት ተጣጣፊ ቱቦ፣ ሐኪሙ ካየው በቀጭን የሽቦ ቀለበት አንቆ እዚያው ይቆርጠዋል። ሕመም ሆኖ ሳይገለጥ ከሥሩ ይወገዳል ማለት ነው። የአንጀት ካንሰር በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ሐኪም ፊት የሚቀርበው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ፖሊፑ ቀድሞ የተገኘለት ሰው ዕድለኛ ነው።

አንድ ጊዜ አዴኖማ ያበቀለ አንጀት ግን ሌላም ሊያበቅል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ የቀጠሮ ዓመት ይቆጥራል። የአሜሪካ የአንጀት ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት መመሪያ ለምሳሌ፣ ከአሥር ሚሊ ሜትር ያነሱ አንድ ወይም ሁለት አዴኖማዎች የወጡለት ሰው ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ሦስት ወይም አራት ከሆኑ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ከአምስት እስከ አሥር ከሆኑ ወይም አንዱ አሥር ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በ3 ዓመት እንዲታይ ይመክራል። ቀጠሮው የሚቆረጠው በቁጥሩ፣ በመጠኑና በዓይነቱ ነው። «ኪንታሮት ተቆርጦልኛል» የሚለው ቃል ሦስቱንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ኮዱ እንግባ። በዓለም ላይ ያለ በሽታ ሁሉ ፊደልና ቁጥር የተሰጠበት ዝርዝር አለ፤ ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ይባላል፣ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ፊደላቱ አይ ሲ ዲ ይሉታል። ሥሩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 ጆን ግራውንት የሚባል የለንደን ነጋዴ የከተማዋን የሟቾች መዝገብ ሰብስቦ ሰዎች በምን በምን እንደሞቱ በመቁጠር መጽሐፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበትን የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ቺካጎ ላይ አቀረበ። ከ1948 ጀምሮ ዝርዝሩን የዓለም ጤና ድርጅት ተረክቦ ከሞት ምክንያት ባሻገር ሕመሞችንም እንዲይዝ አደረገው። አሥረኛው እትም በ1990፣ አሥራ አንደኛው በ2019 ጸድቀዋል፤ የመጨረሻው ከ2022 መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የሞትን ምክንያት መመዝገብ የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ያ እልቂት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ከዚያም ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1996 ዳባት ላይ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። የማዕከሉ ሠራተኞች በተመረጡት ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ እያሉ ቤት ለቤት ይመዘግባሉ።

ዳባትን ያነሣሁት ስለ ኮድ ከእኛ ደጋ የተሻለ መምህር ስለማላውቅ ነው። ሰው ቤቱ ሲሞት የሐኪም ወረቀት የለውም። ስለዚህ ጠያቂው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ሄዶ፣ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ በአማርኛ ይጠይቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ተኛ? ሳል ነበረው? ሰውነቱ ከሳ? ሐኪሞች ያንን ቃለ መጠይቅ አንብበው የሞቱን ምክንያት ከዓለም አቀፉ ዝርዝር ኮድ ይሰጡታል። በቃ፤ የአንዲት ባልቴት እንባ የተቀላቀለበት ንግግር ጄኔቫም ሆነ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሊያነበው ወደሚችል ቁጥር ተለወጠ። ባልቴቷ «ውጋት ያዘው» ካለች ውጋቱ የሳንባ ምች ይሁን ሌላ የሚታወቀው ጠያቂው በትዕግሥት ሲያስከትል ብቻ ነው። ተመላላሽ ክፍል ያለው ወጣት ሐኪማችንም «ኪንታሮት» ሲባል ቢያስከትል ኖሮ፣ «በቱቦ ነው ያሉኝ? ወረቀት ሰጥተውዎታል?» ቢል ኖሮ፣ ፌስታሉ ይፈታ ነበር።

በአሥረኛው እትም ላይ ፖሊፕ ሦስት መልክ አለው። አንጀቱ ውስጥ ፖሊፕ ታይቶ ዓይነቱ ገና ካልታወቀ ኬ 63.5 ይባላል፤ በምግብ መፍጫ አካላት ምዕራፍ ውስጥ ነው። የናሙናው ውጤት መጥቶ አዴኖማ ነው ከተባለ ምዕራፉን ለቆ ወደ እጢዎች ይሻገራል፤ ካንሰር ያልሆኑት እጢዎች ዘንድ ሄዶ፣ የበቀለበት የአንጀት ክፍል ካልተገለጸ፣ ዲ 12.6 ይሆናል። ሦስተኛው መልክ ፖሊፑ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። ያኔ በሽታ የለም። ዝርዝሩ ለዚህም ቦታ አበጅቷል፤ በዜድ ፊደል የሚጀምረው ምዕራፍ ሳይታመሙ ወደ ጤና ተቋም ለሚመጡና ያለፈ ታሪካቸው ለዛሬ ሕክምና ለሚያስፈልግ ሰዎች የተሰጠ ነው። አዴኖማ የወጣለት ሰው ዜድ 86.0 ይሆናል፤ የሌላ እጢ የግል ታሪክ ማለት ነው። አዴኖማ ያልሆነ ተራ ፖሊፕ ከሆነ ዜድ 87.1፣ የምግብ መፍጫ አካላት በሽታ የግል ታሪክ።

በአማርኛ ስናስበው ነገሩ ያለው በሁለት ቃላት ውስጥ ነው። ዲ 12.6 «አዴኖማ አለ» ነው። ዜድ 86.0 «አዴኖማ ነበረ» ነው። «አለ» የምንለው ሊቆረጥ ለሚገባው፣ «ነበረ» የምንለው ተቆርጦ ለወጣው ነው። ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ ቃል ደግሞ «ተጠርጥሯል» ነው፤ እሱ ገና አልታየም፣ ስለዚህ ከ«አለ» ጋር ሊምታታ አይገባም።

ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይጎዳል። የወጣለትን ሰው «አለ» ብለን ብንጽፍ፣ ለክትትል በመጣ ቁጥር አዲስ ሕመምተኛ ሆኖ ይቆጠራል፤ ሰውየውም ካርዱን ያየ ሁሉ «እጢ አለብህ» እያለው በድንጋጤ ይኖራል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላው ነው፦ ፖሊፑ ስለወጣ ምንም አለመጻፍ። «ደኅና ሆኗል፣ ምን ይጻፍለታል?» ይህን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፣ ሁሌም ያሳዝነኛል። ሐኪም ይዘዋወራል፤ አስታማሚ ልጅ አገር ለቆ ይሄዳል፤ ሕመምተኛው ራሱ ይረሳል። ካርዱ ላይ ያለች አንዲት «ነበረ» ግን ከሁሉም በኋላ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

በሌላ አገር ይህችን «ነበረ» ይበልጥ እየከፋፈሏት ነው። በአሜሪካው የአሥረኛው እትም ቅጂ የአንጀት ፖሊፕ የግል ታሪክ ለረጅም ጊዜ አንድ ኮድ፣ ዜድ 86.010 ብቻ ነበረው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ግን በአራት ተከፈለ፤ ዓይነቱ ያልተገለጸ፣ አዴኖማና የመጋዝ ጥርስ መልክ ያለው፣ ሃይፐርፕላስቲክ የሚባለው፣ እና ሌላ። የተከፈለበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሃይፐርፕላስቲኩ ብዙም አያሳስብም፣ አዴኖማው ያሳስባል፣ ቀጠሯቸውም አንድ አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩልኝ። እዚያ ከ45 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ኮሎኖስኮፒ ለቅድመ ምርመራ ይመከራል፤ ቅድመ ምርመራ ሲባል ኢንሹራንሱ ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ይከፍላል። ፖሊፕ ነበረበት የተባለ ሰው ግን ምርመራው «ቅድመ ምርመራ» ወይም «ክትትል» መባሉ ክፍያውን ሊለውጥበት ይችላል። የክፍያው ወረቀት ሲመጣ ከመደንገጥ በፊት የተጻፈውን ኮድ ጠይቆ ማየት ነው።

እኛ አገር ጤና ሚኒስቴር ከአሥራ አንደኛው እትም ለአሠራራችን የሚመች አጠር ያለ ዝርዝር አዘጋጅቷል። አጭር ዝርዝር ለወርኃዊ ሪፖርት ይመቻል። ታሪክን የሚናገር ኮድ ግን በአጭር ዝርዝር ላይ እንደልብ አይገኝም። እኔ የምለው፣ ኮዱ ባይገኝ እንኳ በቃል ይጻፍ ነው። «በዚህ ዓመት፣ ይህን ያህል መጠን ያለው፣ አዴኖማ ወጥቶለታል» የሚል አንድ መስመር ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል። ካርድ ክፍል ያሉትን ባለሙያዎች ስሕተት ፈጠሩ ብዬ አልወቅስም፤ እነሱ የሚቀዱት ሐኪሙ የጻፈውን ነው። ሐኪሙ ያልጻፈውን ኮድ ሰጪው ከየት ያመጣዋል?

አንድ በተለይ የኛን አካባቢ የሚመለከት ነገር ልጨምር። ፖሊፕ ሁሉ አዴኖማ አይደለም ብያለሁ። ጎርጎራ፣ ደንቢያ፣ ሳንጃ ያላችሁ ቢልሃርዚያን ታውቁታላችሁ። የአንጀቱ ቢልሃርዚያ እንቁላል በትልቁ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲቀር አንጀቱ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ አንዳንዴም ፖሊፕ የሚመስል ሥጋ ያወጣል። በካሜራ ሲያዩት ከአዴኖማው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የሚለየው በማይክሮስኮፕ ነው፦ እንቁላሉ ሥጋው ውስጥ ይታያል። የዚህ ኮድ ቢ 65.1፣ የአንጀት ቢልሃርዚያ ነው፤ መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከሐይቁ ዳር፣ ሌላው ከስሜን ደጋ፣ ሁለቱም «ፖሊፕ ነበረብኝ» ቢሉ ቃሉ አንድ፣ ታሪኩ ግን ሁለት ነው። አንዱ ከቢልሃርዚያው መታከም አለበት፤ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ ካሜራ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው የናሙናው ውጤት እጃችሁ መግባት ያለበት። ውጤቱ ደግሞ የሚደርሰው ፖሊፑ በተቆረጠ ቀን አይደለም፤ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ሰው ደኅና ነኝ ብሎ አገሩ ይገባና ሳይቀበለው ይቀራል። አደራችሁን፣ ውጤቱን ሳትቀበሉ አገር አትግቡ፤ ካልሆነም ከተማ ያለ ዘመድ ይቀበልላችሁ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። የላቦራቶሪና የካሜራ ምርመራ ወረቀቶች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ዘመን ይጻፋሉ። ካርዱ ላይ ደግሞ በእኛ ዘመን ይጻፋል። አሁን ያ ወጣት ሐኪም ፌስታሉን ፈትቶ አየ እንበል። ከአሮጌ ወረቀት ላይ በእጅ የተቀዳ አንድ መስመር አገኘ፦ «ፖሊፕ ወጥቷል፣ 2015፣ በ3 ዓመት ይመለሱ»። ዛሬ 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። ሐኪሙ ቆጥሮ «እሰይ፣ ልክ በጊዜዎ ነው የመጡት» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያ 2015 የፈረንጅ ቢሆንስ? በእኛ 2007 ወይም 2008 ማለት ነው፤ ቀጠሮው በ2010 ወይም በ2011 አልፏል። ሰባት ስምንት ዓመት። አዴኖማ ወደ ካንሰር ለመሄድ የሚፈልገው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ነው ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ ይህ ክፍተት ትንሽ አይደለም። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል አንዲት ምልክት ብትጨመር ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

የቤተሰብ ታሪክም አለ። የአንጀት ካንሰር የወጣበት ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው በዝርዝሩ ላይ የራሱ ዜድ አለው፣ ዜድ 80.0፣ የቤተሰብ ታሪክ። እንዲህ ያለ ሰው ምንም ሳይታመም ከ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ በታመመበት ዕድሜ ላይ አሥር ዓመት ቀንሶ፣ ከሁለቱ በቀደመው እንዲመረመር ይመከራል። አባት በ45 ዓመቱ ከታመመ ልጅ በ35 ማለት ነው። ቤት ውስጥ ግን «በሆዱ በሽታ ሞተ» ተብሎ ይታለፋል። ትልልቆቹ ሳሉ ጠይቁ፤ ምን ብለው ነበር ሐኪሞቹ? ደም ነበረው? ስንት ዓመቱ ነበር?

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ ጥሩት፤ ጥቂት እጠብቃለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ተዘጋጃችሁ? የአንጀት ፖሊፕ የወጣላችሁ፣ ወይም ለእናት ለአባታችሁ የወጣላቸው፣ በየራሳችሁ ልክ ሞልታችሁ ጻፉ። ላይኛው መስመር ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ የአያቱን አትተዉ፣ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ናቸው። ከሥሩ የካርድ ቁጥርና ካርዱ የወጣበት ሆስፒታል። ቀጥሎ እንዲህ በሉ፦ «የትልቁ አንጀት ፖሊፕ ነበረኝ፤ ወጥቶልኛል።» ነበረኝ፣ አለኝ አይደለም። ከዚያ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ ከዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»። ከዚያ ስንት እንደነበረና ትልቁ ስንት ሚሊ ሜትር እንደነበረ። ከዚያ የናሙናው ውጤት፤ አዴኖማ ከሆነ አዴኖማ፣ ሃይፐርፕላስቲክ ከሆነ ሃይፐርፕላስቲክ፣ ቢልሃርዚያ ከሆነ ቢልሃርዚያ፤ ካላወቃችሁት ቦታውን ባዶ ተዉትና ከሐኪሙ ጠይቃችሁ ሙሉት። የመጨረሻው መስመር ቀጣዩ ምርመራ የሚደረግበት ዓመት ነው።

ወረቀቱን ከጤና መድኅን ደብተራችሁ ጋር አድርጉት፤ ወደ ሐኪም ስትሄዱ የማትረሱት እሱን ነውና። የመጨረሻውን መስመር ላልደረሳችሁበት ልድገመው፦ ቀጣይ ምርመራ፣ ዓመተ ምሕረቱ።